ይድረስ ለክቡር 128 ጊጋ፣ ባሉበት

ቀን፦ ጥር 14
ለ፦ ክቡር ባለ 128 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ
ባሉበት
ጉዳዩ፦ ጥምቀትን ከግማሹ ስለቆረጡብን

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጥምቀትንም በሰላም አክብረን ተመልሰናል፤ ማስረጃ ግን የለንም። ማስረጃው እርስዎ ዘንድ ነበር።

ማስታወስ እንደማይሆንልዎ ስላየን ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ከከተራ ከሰዓት እስከ ጥር 11 ረፋድ ጃንሜዳ ላይ ሸተሩ 937 ጊዜ ተጭኗል። ካሜራው ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ የሚያስቀምጠውም ሮው (ያልተነካው ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግ (ተጨምቆ የተዘጋጀው) አንድ ላይ። ሮው 25 ሜጋባይት፣ ጄፔጉ 10 ገደማ፣ ለአንድ ፎቶ 35 ቢታሰብ ድምሩ 33 ጊጋ አይሞላም። እርስዎ ደግሞ ግንባርዎ ላይ በወርቅማ ቀለም 128 ያስጻፉ ነዎት። ገና ሲገቡ የካሜራው ቆጣሪ ከ3,600 ፎቶ በላይ ይይዛል ብሏል። ማን ይጠራጠራል?

ጥር 13 ቤት ሙሉ ሰው ተጠራ። ላፕቶፑ በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ተገናኘ፣ ፈንዲሻው ተበተነ፣ ባለካሜራው (ማን እንደሆነ አይጠየቅ) ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። አቦል ላይ የከተራው ፎቶዎች መጡ፤ ጥላው፣ ጽናጽሉ፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ፣ ነጩም ነጭ ሆኖ። ለዚያ ሲባል ኤክስፖዠሩ (የፎቶው ብርሃን መጠን) በ0.7 ከፍ ተደርጎ ነበር፤ ካሜራ ነጠላ ሲበዛበት ሁሉን አመድ ያስመስላልና። "እጅህ ይባረክ" ተባለ። ቶና ላይ ንጋቱ ገባ፤ ጧፍ፣ ብርድ፣ የካህናቱ እስትንፋስ እንደ ጭስ ሲወጣ። ከዚያ 457ኛው መጣ።

ላይኛው ሲሶ የጥላው ዘርፍ ነው፣ ክር በክር የሚቆጠር። ከዘርፉ ሥር የአንድ ቄስ ጥምጣም፣ ግንባር፣ ቅንድብ። ከቅንድቡ በታች ግራጫ። ልስን ብቻ ሆኖ ቀለም ሳይነካው የቀረ ግድግዳ ዓይነት ደንበኛ ግራጫ። ተከታዩ ከላይ እስከ ታች ግራጫ። ከዚያ ያለው ጭራሽ አልከፈትም አለ። በረካ ተቀድቶ እስኪጠጣ ድረስ 480 ፋይል ተሞከረ፤ ሁሉም ስም አላቸው፣ መጠን አላቸው፣ ቀንና ሰዓት አላቸው፣ ፎቶ ብቻ የላቸውም።

ዝምታው ራሱ ይበቃ ነበር። ግን ለዚያች አንድ ፎቶ ብለው ከታቦቱ ፊት ቆመው የተነሱት እማማ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጠርገው "የኔ ልጅ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?" አሉ። አንዲት አክስት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሁሉም በሚሰማው መጠን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ ገሃድን ጾመሃል?" ሲሉ ጠየቁ። የእርስዎ ማጭበርበር እንዲህ ሆኖ በባለካሜራው ነፍስ ላይ ተመዘገበ። ይሄ ሁሉ ሲሆን የአጎት ልጅ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ያነሳው ሁሉ አለ። በስልክ! ታቦቱን ከሩቅ፣ ፊት ለፊቱ የሰው ማጅራት ሞልቶት! ቤቱ በሙሉ ወደ እሱ ዞረ፣ "ላክልኝ፣ ላክልኝ" ተባለ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ግራጫ የሚያጠፋ እንኳ ጠፋ።

ክቡርነትዎ፣ ዘዴዎን እናውቀዋለን። ሆድዎ ውስጥ ያለው ማከማቻ 16 ጊጋ ነው፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ ግን ሲጠየቅ "128 ነኝ" እንዲል ተደርጎ ተጽፎለታል። ካሜራ የዋህ ነው፣ የተነገረውን ያምናል። የፋይሎቹ ስም ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍረው ከመጀመሪያው አካባቢ፣ እውነተኛው ቦታ ላይ ስለሆነ ዝርዝሩ ይተርፋል። ይዘቱን ግን 16 ካለፈ በኋላ "ተቀብያለሁ" እያሉ ሜዳ ላይ ይጥሉታል። ከወንድሞችዎ አንዳንዶቹ ደግሞ ዞረው ከመጀመሪያው ላይ ይደርባሉ፤ በእነሱ ቤት የሚጠፋው ከተራው ነው፣ የሚተርፈው መመለሻው። ሸተሩ እንደተጫነ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ፎቶም ካሜራው ገና ከራሱ ጊዜያዊ ማቆያ የሚያሳየው እንጂ ከእርስዎ የተነበበ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲያምርብን የዋለው ለዚህ ነው። በየመቶ ፎቶው አንድ ጊዜ ቆም ብሎ ከሩብ ሰዓት በፊት የተነሳውን መክፈትና የአንዱን ሰው ዓይን እስኪያሳይ ድረስ ማጉላት ያጋልጥዎ ነበር። አልተደረገም። በዚህ ጥፋቱ የእኛም ነው፣ እንፈርማለን።

የተገዙበትን ሥነ ሥርዓት ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። "ኦርጅናል ነው?" "ኦርጅናል ነው።" "እርግጠኛ ነህ?" "የዱባይ ነው አልኩህ!" ቀጥሎ "በደረሰኝ ወይስ ያለ ደረሰኝ?" ይመጣል፤ 15 በመቶዋን ለማዳን "ያለ" ይባላል፣ ተመልሶ የመሟገቻ አፍም አብሮ ይቀነሳል። ከዚያ ሻጩ እርስዎን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ 119 ጊጋ የሚል ጽሑፍ በጣቱ ያሳያል፤ "ይኸው፣ ሙሉ ነው።" ለነገሩ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ 128 ቢሊዮን ባይት በዊንዶውስ አቆጣጠር ወደ 119 ይወርዳል። ችግሩ እርስዎም ይህንኑ ማለትዎ ነው። ውሸታምን "ስንት ነህ?" ብሎ መጠየቅ ምርመራ ሆኖ አያውቅም። ከሻጩ ጀርባ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ኦርጅናል መሆኑ የማያጠራጥር ዕቃ እሱ ብቻ ነው።

እርስዎ የሚፈሩት ምርመራ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍስሪ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ባዶውን ካርድ በሚያውቁት ዳታ ጢም አድርገው ይሞሉታል፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው እያነበቡ ከጻፉት ጋር ያስተያያሉ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ከተጻፈ 128 ጊጋን መሙላት ብቻ 1 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማንበቡ ለብቻው ነው። መብራት ይሄዳል፣ ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪ ይኑረው። "2 ጊጋ ያህል ልቅመሰው" ብሎ ነገር አይሠራም፤ እስከ 16 ድረስ እርስዎን የመሰለ ጨዋ የለም። ስህተት ካሳየ ደግሞ ካርድ ሪደሩን (ካርዱ ተሰክቶ ላፕቶፑ የሚያነብበትን) ቀይሮ መድገም ነው፣ የላላ ሪደር ንጹሑን ካርድ ይወነጅላልና።

ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ ማድረግ ለማይችል ቢያንስ ፍጥነትዎን መያዝ ይቻላል። ገላዎ ላይ የተጻፉት ዩ3 እና ቪ30 ሁለቱም "ሲጻፍብኝ በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት አልወርድም" የሚሉ ቃል ኪዳኖች ናቸው። ካሜራውን በተከታታይ ማንሻ ላይ አድርጎ 20 ሮው መተኮስና ቀይዋ መብራት እስክትጠፋ መቁጠር። 500 ሜጋባይት ነው፤ ቃሉን የሚያከብር ካርድ በ17 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ደቂቃ ካለፈ ገንዘቡን ወደ ኪስ መመለስ ነው። (ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው 170 እና 200 የንባብ ፍጥነት ነው፣ እሱም ለራሱ ለካምፓኒው ሪደር። ለፎቶ አንሺ ምኑም አይደለም።)

አሁን አንቱታው ይቅር።

ስማ አንተ። የተሰረዘ ፎቶ ይመለሳል። ፎርማት የተደረገ ካርድ እንኳ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ብዙውን ጎትቶ ያወጣዋል። ዳታ ሪከቨሪ ቤት የተሰለፈው ሰው ሁሉ የሚሰለፈው ለዚያ ተስፋ ነው። አንተ ጋ ግን የሚመለስ የለም። አልጻፍከውማ! ያልተጻፈ ከየት ይነበባል? ብትሰበር፣ ውኃ ቢገባብህ፣ ጸበል ሲረጭ ብትረጥብ እንኳ የሆነ ነገር ይተርፍ ነበር። "ሞላሁ" በል! አንዲት ቃል! ካሜራው "ካርዱ ሞልቷል" ብሎ ቢቆም ኪስ ውስጥ ባለ 32 ጊጋ ነበር፤ በአሥር ሰከንድ ይቀየር ነበር። አንተ ግን 480 ጊዜ፣ እያንዳንዷን እየቆጠርክ፣ "እሺ" አልክ። ታቦቱ የሚወርደው በዓመት አንዴ ነው። እማማ ለከርሞ ጃንሜዳ ይውጡ አይውጡ አይታወቅም፣ ጉልበታቸው ዘንድሮም በምርኩዝ ነው የወጣው። ጥርት ያለች አንዲት ፎቶ ለምን እንደፈለጉ አንተ አታውቅም። እሳቸው ግን "ለበኋላ ይሆነኛል" ብለው ነበር።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ወደ አንቱታው ተመልሰናል።

ዘመዶችዎንም እግረ መንገዳችንን ሳናነሳ አናልፍም። የካነን ኤልፒ-ኢ17 ባትሪ ኦርጅናሉ 1040 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፤ ያጎትዎ ልጅ በዚያችው ቅርፊት 1800 አስጽፎ ይመጣል። ቀሪውን በቅጡ መናገር ስለማይችል ሙሉ ነኝ፣ ሙሉ ነኝ ይልና ድንገት ቀይ ያበራል። ጥቂት ወራት ሲቆይ ሆዱ ያብጥና ከካሜራው አልወጣም ይላል፤ ያኔ በቢላ መፈንቀል እሳት መጥራት ስለሆነ ለጠጋኝ መስጠት ይሻላል። ደህናውም ቢሆን የጃንሜዳን ንጋት ብርድ አይወድም፣ ትርፉን ባትሪ በውስጥ ኪስ ማሞቅ ነው።

ትራይፖድዎም አለ። የፕላስቲክ አንገቱ እስኪጮህ ድረስ ይጠብቃል፣ ሌንስ ሲጫንበት ቀስ እያለ ይሰግዳል። ከእሱ ጋር መኖር ግድ ከሆነ መጀመሪያ ወፍራሞቹን እግሮች መዘርጋት፣ የመሃሉን ምሰሶ ጨርሶ አለማንሳት፣ ከመሃሉ ሜንጦ ላይ ቦርሳ ሲሰቀል መሬት እንዲነካ ማድረግ (ተንጠልጥሎ ከተወዛወዘ ይባሱን ያነቃንቀዋል)፣ ከዚያ በ2 ሰከንድ ታይመር ማንሳት። ሌንስ ፊት የሚጠለቀው ርካሹ የዩቪ ፊልተር በነጸብራቅ ከአንዲት ጧፍ ሁለት ጧፍ ይሠራል፤ ማታ አውልቆ ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ሌንስን በሸሚዝ ጫፍ ለሚጠርግ ደግሞ ቃል የለንም፤ መጀመሪያ አቧራው በጎማ ፓምፕ ይነፋል እንጂ!

"ማንሳት ክልክል ነው" ለሚለው ጥበቃም ሰላምታችን ይድረስ።

"ከውጭ አስመጡ" የሚሉን አሉ። ዋሽንግተን ያለው ዘመድ እስኪመጣ፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ እስኪገኝ፣ ቦሌ ወርዶ እስኪፈተሽ ካርዱ የጥምቀት ሳይሆን የፋሲካ ይሆናል። ደግሞ ፎርጂዱ በኦንላይን ገበያ በኩል እዚያም ይደርሳል፤ ከአሜሪካ መጣ ማለት ተፈተነ ማለት አይደለም።

በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ከኃላፊነትዎ ተነስተዋል። በቦታዎ ሁለት ባለ 64 ጊጋ ካርዶች ተተክተዋል፤ ሁለቱም ጢም ተደርገው ተሞልተው ተነብበዋል፣ ጀርባቸው ላይ በማርከር 1 እና 2 ተጽፎባቸዋል፣ ፎርማት የሚደረጉትም እዚያው ካሜራው ውስጥ ብቻ ነው። አንዱ ቢከዳ ግማሽ በዓል ይተርፋል። ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ካሜራ የያዘ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነገር እንዲጻፍ ማዘዝ ይችላል፤ የእኛው አንድ አፍ ነው ያለው።

እርስዎን በተመለከተ፣ ያተረፉልን 456 ፎቶዎች ሁለት ቦታ ተገልብጠዋል፤ ለዚህ እናመሰግናለን። ከዚያ በጎንዎ ያለችው የመቆለፊያ ምላስ ወደ ታች ወርዳ ተቆልፋለች። ነገ በመቀስ ዘጠኙ የወርቅ ጥርሶችዎ መሃል ለመሃል ይቆረጣሉ። ለሕፃን መጫወቻ፣ ለዘፈን ማጫወቻ የሚሉ አማላጆች መጥተው ነበር፤ አልተቀበልናቸውም። ነገ አንዱ አንስቶ ሠርግ ላይ ያወጣዎታል።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማና ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ኦርጅናል ነው፣ የዱባይ)

ግልባጭ፦
ለባለ 1800 ሚሊአምፒሩ ባትሪ
ለሚሰግደው ትራይፖድ
ለሻጩ፣ ያለ ደረሰኝ
ለአጎት ልጅ ስልክ

አባሪ፦ አንድ ፎቶ፣ እስከ ቅንድብ