በረዶው ሲሰበር እናያለን፣ ሲመዘንስ?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ላርሰን ሲ ከተባለው የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ የበረዶ ንጣፍ አንድ ግዙፍ ቁራጭ ተገነጠለ። ስፋቱ 5,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ የአዲስ አበባ አሥር እጥፍ ያህል ማለት ነው። ኤ-68 የሚል ስም ወጣለትና የዓለም ሚዲያ ሁሉ ተቀባበለው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የምድርን በረዶ ከሕዋ ሲመዝኑ የቆዩት፣ ግሬስ የሚባሉት ሁለት ሳተላይቶች አርጅተው ሥራ አቆሙ። ይህን ስንቱ ሰማ? ለእኔ ትልቁ ዜና እሱ ነበር።

ኤ-68 መገንጠሉ የባሕሩን ከፍታ አልጨመረም። ቀድሞውንም ውሃ ላይ ተንሳፎ ነበርና። ባሕሩን ከፍ የሚያደርገው መሬት ላይ ተኝቶ ወደ ውሃው የሚገባው በረዶ ነው። ስንት እንደገባ ለማወቅ ደግሞ ፎቶ አይበቃም። መመዘን አለበት።

ግን ውፍረቱ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር በረዶ በምን ይመዘናል? ናሳና ጀርመኖች በ2002 ያመጠቋቸው የግሬስ ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው፣ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ምድርን ይዞሩ ነበር። ከበታቻቸው ብዙ ክብደት ሲኖር ስበቱ ፊተኛውን ቀድሞ ይጎትተዋል፤ ከኋለኛው ትንሽ ይርቃል። ከፀጉር ውፍረት ያነሰችውን ይህችን ለውጥ ይለካሉ። የአንዱ ወር ልኬት ከሌላው ሲነጻጸር በረዶው ምን ያህል እንደቀነሰ ይታወቃል። ከ2002 ወዲህ ግሪንላንድ በአማካይ በዓመት 270 ቢሊዮን ቶን፣ አንታርክቲካ 150 ቢሊዮን ቶን ያህል አጥተዋል።

ሚዛኑም ጣጣ አለው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ተጭኖ የሰመጠው አለት ዛሬም ቀስ እያለ ወደ ላይ እየተነሣ ነው። የሚነሣው አለት ራሱ ስበቱን ስለሚቀይር፣ ያ በስሌት ካልተቀነሰ ውጤቱ ይዛባል።

ክብደቱ ደግሞ ለምን እንደቀነሰ አይናገርም። ለዚያ በረዶው ድረስ መሄድ ግድ ነው። በ2020 ተመራማሪዎች ትዌይትስ በተባለው የአንታርክቲካ ግግር በረዶ ላይ 600 ሜትር ገደማ ቆፍረው አይስፊን የተባለ ሮቦት ሰደዱ። ጠፍጣፋው የበረዶው ሆድ ከጠበቁት በዝግታ እየቀለጠ ነው። ስንጥቆቹ ውስጥ ግን ቶሎ ቶሎ ይበላል። «ሳይንቲስቶች ሁሌ ያጋንናሉ» የሚሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ግኝት ቢያዩ ጥሩ ነበር። ሁለተኛውንም አይዝለሉት።

የግሬስ ተተኪዎች የመጠቁት በግንቦት 2018 ነው። የቀድሞዎቹ ልኬት ሥራ ከማቆማቸው ወራት ቀድሞ ስለተቋረጠ፣ በመሃል አንድ ዓመት ገደማ ሳይመዘን አለፈ። የግሪንላንድን ታሪክ ላየ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2017 እና በ2018 መቅለጡ ጋብ ብሎ ነበር። እዚያ ላይ ያቆመ ሰው «ተሻለው» ይል ነበር። በ2019 ግን ከ500 ቢሊዮን ቶን በላይ ጠፋ።

አሁን ያሉት ሳተላይቶች የተሠሩት ለ5 ዓመት ነበር፤ አልፈውታል። ቀጣዮቹ በ2028 እንዲመጥቁ ታቅዷል። በጀት ሲቆነጠር መጀመሪያ የሚገፋው እንዲህ ያለ ጩኸት የሌለው ሥራ ነው። ቀኑ ከተገፋ እንደ 2019 ያለ ዓመት መጥቶ ማንም ሳይመዝነው ሊያልፍ ይችላል።