አምስት ዋት ይበቃል

አንድ ቤተሰብ የአማተር ሬዲዮ (ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ለትርፍ ጊዜ ደስታ በአየር ሞገድ የሚነጋገሩበት) ተሸክሞ ከተራራ ተራራ ስለዞረበት ጉዞ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፦ ሬዲዮ ይዞ ተራራ መውጣት «ብዙ ዕቃና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል» የተባለው። እኛ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። ባለፈው መኸር ከ12 ዓመት ልጄ ጋር የሸናንዶዋ ፓርክ ከፍተኛ ጫፍ የሆነውን ሀክስቢልን (1,235 ሜትር ገደማ) ስንወጣ የያዝነው ባለ 5 ዋት የእጅ ሬዲዮ፣ ደብተርና ዳቦ ቆሎ ብቻ ነበር። ልጄ የድንጋዩ መመልከቻ ላይ ቆማ፣ የሚሰማ ሰው ካለ ብላ በ146.52 ሜጋኸርዝ ተጣራች። ዝም። ደግማ ተጣራች፣ አሁንም ዝም። በሦስተኛው አንድ የሽማግሌ ድምፅ የጥሪ ምልክቷን (የሬዲዮ መለያዋን) ጠርቶ መለሰላት! ነፋሱ ገጹን እየገለበጠባት፣ ደብተሩን በጉልበቷ ተጭና የሰውየውን ምልክት በእርሳስ ጻፈች። ያ ገጽ ዛሬም ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

እንዲህ ያለው የሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከፍታው ራሱ ጉልበት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዝ ውስጥ በተጀመረው «ሶታ» (ከተራራ ጫፍ በሬዲዮ ለሚገናኙ ነጥብ የሚሰጥ መርሐ ግብር) ደንብም የጫፉን ነጥብ ለማግኘት ከአራት የአማተር ሬዲዮ ጣቢያዎች ጋር መገናኘት በቂ ነው። ሬዲዮውን ከመኪና ጋር ማገናኘት ግን አይፈቀድም።

ልጆች ያላችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ለአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የዕድሜ ገደብ የለም። የመጀመሪያው ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ ጠይቁ። አንድ ቀን ልጄ እንጦጦ ላይ ቆማ ስትጣራ ብሰማ ደስታዬ ወሰን የለውም።