ካወቅክ ለምን አታነበውም?

አሁንስ በቃኝ! ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የአንድ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሰራ ፕሮግራም) ፋይል አስተካከልኩ፣ ሴቭ አደረግኩ፣ ሪስታርት አልኩት። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው) ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ፋይሉ ዲስክ ላይ ተቀይሯል፣ ዲመን-ሪሎድ በል።» ይህን ብሎ አሮጌውን ኮንፊግ (ቅንብር) ይዞ በኩራት ተነሳ! እንዴ፣ መቀየሩን ካየህ አንብበዋ! ልክ እንደ ቀበሌ፣ ፋይሌ እጁ ላይ እያለ ሌላ መስኮት ይልከኛል።

እሺ፣ ዲመን-ሪሎድ አልኩ። ጸጥ። ሰርቪሱ ንቅንቅ የለም፤ ለካ ዲመን-ሪሎድ ፋይሉን ያነባል እንጂ እየሰራ ያለውን አይነካም፣ ሪስታርት እንደገና ለብቻው ነው። ሪሎድስ (ሰርቪሱ ሳይጠፋ ኮንፊጉን እንደገና እንዲያነብ ማዘዣው)? ፋይሉ ውስጥ ኤክሴክሪሎድ የሚል መስመር ከሌለ «ለዚህ አይሆንም» ይልሃል። ኢኔብል የሚለው ትዕዛዝ ደግሞ ማሽኑ ሲነሳ እንጂ አሁን አያስነሳልህም፣ ናው ካልጨመርክበት (ማን ነው ይሄን ያሰበው?)። ስታተስ ስታይ አረንጓዴ፣ «አክቲቭ»። በየትኛው ኮንፊግ? እሱን አንተ ድረስበት!

ይሄ ሁሉ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ደንበኛው በቴሌግራም «አለቀ?» እያለኝ። ሲስተምዲ በፈረንጆቹ 2010 የመጣ ነገር እኮ ነው! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤት ላለችው ሰርቨሬ አዲሱን ኮንፊግ ያለ ጭቅጭቅ የሚያስነብብልኝ መብራት መጥፋቱ ብቻ ነው።