እርማት፦ ምልክት የሌለው መጽሐፍ ባለቤት አልባ አይደለም

«በክብ ውስጥ ያለችው የ‹ሲ› ምልክት (©፣ የቅጂ መብት ምልክት) ካልታተመችበት ማንም መጽሐፉን ሊያባዛው ይችላል» ብለው የጻፉት ወንድሜ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው፣ የደራስያንን መብት የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት በ1908 በርሊን ላይ ሲሻሻል፣ ጥበቃው በምዝገባም ሆነ በሌላ ሥርዓት ላይ እንዳይንጠለጠል ተደርጓል።

ወሬው የመጣው ከአሜሪካ ይመስለኛል። አሜሪካ ስምምነቱን የተቀላቀለችው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1989 ነው። እስከዚያ ድረስ ምልክቱን መርሳት ክፉኛ ያስከፍል ነበር። በ1968 የወጣው፣ ሙታን ከመቃብር የሚነሡበት ዝነኛ ፊልም ርዕሱ ሲቀየር፣ በአሮጌው ርዕስ ሥር የነበረው የባለቤትነት ማስታወቂያ አብሮ ወጣ፤ የሚመልሰው ጠፋና ፊልሙ ያለ ጥበቃ ቀረ። በአንዲት መስመር! ዛሬ ያ ግዴታ እዚያም የለም።

የእኛው የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው በራሳችን አቆጣጠር ነው) ቢሆን ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) የሆነና የተጻፈ ወይም የተቀረጸ ሥራን ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ይጠብቃል፤ ደራሲውን አስቀድመህ ተመዝገብ አይልም። ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ለማስረጃ ይጠቅማል እንጂ መብቱን የሚወልደው እሱ አይደለም።