እባካችሁ፣ ይሄ ሞተር ቤንዚን አይጠጣም!

እጄ ላይ ያለው የቤንዚን ሽታ እንኳን ሳይለቅ ነው የምጽፈው። ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ።

ያ ከአሜሪካ የመጣው ሰማያዊ የናይትሮ መኪና (በሪሞት የሚነዳ፣ ትንሽ የነዳጅ ሞተር ያለው መጫወቻ) ዛሬ አለቀለት። ገና አንድ ሜትር ሳይሄድ! ግቢው በሙሉ ወጥቶ ከቦታል፣ ልጆቹ ይዘላሉ፣ የጋራዡ ጋሼ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ከተፍ አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቤንዚን አይደለም የሚጠጣው።»

«ሞተር አይደለም?»

«ነው፣ ግን…»

«ጭስ አያወጣም?»

«ያወጣል፣ ግን ነዳጁ ሜታኖል…»

«ስማ አንተ ልጅ፣ እኔ የአይሱዙ ሞተር ሳወርድና ስሰቅል ነው ያረጀሁት። አሁን የመጫወቻ መኪና ልታስተምረኝ ነው?»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እማማ ሳይቀሩ ከበረንዳ ላይ ሆነው «ተው ልጄ፣ ለሚያውቅ ሰው ልቀቅለት» አሉኝ። ለሚያውቅ ሰው!

እሺ፣ እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ ልጨርሰው። ይሄ ሞተር የእሳት ብልጭታ የለውም። ካንዴላ የምትመስለዋ ነገር ግሎው ፕላግ ትባላለች፤ ሆዷ ውስጥ ፕላቲነም ያለበት ቀጭን ጥቅልል ሽቦ አለ። ሲነሳ በ1.5 ቮልት ባትሪ ትግላለች። ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል፤ ሜታኖሉ (የአልኮል ዓይነት ነው) ፕላቲነሙን ሲያገኝ የሚፈጠረው ሙቀት ከየዙሩ ቃጠሎ ጋር ሆኖ እንደጋለች ያቆያታል። ቤንዚን ይህን አያደርግላትም። በዚያ ላይ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ስለሆነ የሚለሰልሰው ነዳጁ ውስጥ ባለው ዘይት ብቻ ነው። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ ብዙ ጊዜ 20 በመቶ ናይትሮሜቴን (መኪናውን «ናይትሮ» ያሰኘው ፈሳሽ) አለው፣ ዘይቱ 10 በመቶ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው፣ የቀረው ሜታኖል። ንጹህ ቤንዚን ስትሞላበት ፒስተኑ በደረቁ ይፋጫል፣ የሲሊኮን ቱቦውም አብጦ ይበላሻል።

ጋሼ ግን ምን አደረጉ? ከመኪና ባትሪ ሽቦ ጎተቱ። 12 ቮልት ለ1.5 ቮልት ሽቦ! ቸስ አለችና ሄደች። ከዚያ ገመዱን ልክ ጀነሬተር እንደሚያስነሳ ሰው እስከ ክንዳቸው ጥግ ሳቡት። የመሳቢያው ገመድ የሚሳበው በአጭሩ፣ ፈጠን ተደርጎ፣ ቢበዛ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከከበደ ደግሞ ሲሊንደሩ ነዳጅ ሞልቶታል ማለት ነው፤ ፈሳሽ አይታመቅማ! ፕላጓን ፈትተህ፣ መኪናውን ገልብጠህ፣ ጥቂት ጊዜ ሳብ ሳብ ስታደርገው ይተፋዋል። በጉልበት ከሄድክ ወይ ገመዱ ይበጠሳል ወይ የውስጥ ኩሽኔታው ይሄዳል። ተበጠሰ። ፍርዱስ? «ቻይና ነው፣ ዕቃው አይረባም።» ሰዉም አዎ አዎ እያለ ተበተነ።

እናንተ ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በእናንተም ተናድጃለሁ። ይሄን ነዳጅ አውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይጭነውም። ታንኩ ነዳጅ ነክቶ የሚያውቅ መኪና እንኳን አጽድተህም ሊመለስብህ ይችላል። ስለዚህ ነዳጁ እዚህ ከየት እንደሚገኝ ሳታጣሩ መኪናውን ብቻ መላክ ለልጁ ጌጥ መላክ ነው። ለጀማሪ በባትሪ የሚሄደው ምን አነሰው? መብራት በመጣ ጊዜ ትሰካዋለህ፣ አለቀ። ናይትሮ የሚላከው ካቻቢቴ መያዝ ለሚወድ፣ እጁ ዘይት ሲነካ ለማይቆጣ ሰው ነው።

ነዳጁ ተገኘ እንበል። አዲሱ ሞተር ሲሊንደሩ ወደ ላይ ጠበብ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ሲቀዘቅዝ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ይነክሳል። ይሄን ያላወቀ «ተበላሽቷል» ብሎ ያንገላታዋል። የሞተሩን ራስ በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው! የመጀመሪያዎቹን 4 ወይም 5 ታንክ፣ ሞተሩ እንዲለማመድ ነዳጅ አብዝተህ፣ ጭሱ እየታየ፣ ጋዝ በትንሽ በትንሹ እየሰጠህ ጨርስ። በየታንኩ መሃል ፒስተኑን ወደ ታች አውርደህ አቀዝቅዘው። ይሄ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማን ይታገሣል? ልጁ እያለቀሰ፣ አባትየው «እስቲ አንዴ ሙሉውን ስጠው» እያለ!

ማስተካከሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የካርቡራተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) መርፌ ወደ ቀኝ ሲዞር ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ሲዞር ይጨምራል። አንዴ የሚዞረው የሰዓት ቆጣሪ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ የሚሄደውን ያህል ብቻ ነው፣ የዙሩ አንድ አሥራ ሁለተኛ። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሩብ ያህል ይሳሳል፤ የፋብሪካው ልክ እዚህ ነዳጅ ስለሚበዛበት መኪናው እየተንተፋተፈ ይጠፋል። ከተለማመደ በኋላ ቀስ እያልክ ቀንስለት። መቀነሱ ከበዛ ግን ጭሱ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ይቀጥናል፣ ልጆች «ፈጠነ!» ብለው ሲያጨበጭቡ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። የታችኛውን መርፌ (የዝቅተኛ ፍጥነቱን) ለማየት በሚኒሞ ላይ፣ ጋዝ ሳይሰጠው እያለ የነዳጁን ቱቦ በጣትህ ቆንጠጥ አድርግ፦ 2፣ 3 ሰከንድ ቆይቶ ትንሽ ጮኾ ከጠፋ ደህና ነው። ወዲያው ከጠፋ ነዳጅ አንሶታል። የሞተሩ ራስ ላይ ምራቅ ጠብ አድርጎ ሙቀት መለካት ኢንተርኔት ላይ ይመከራል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ፣ ምራቁም ቀድሞ እንደሚያታልልህ ማንም አይነግርህም። ቴርሞሜትር ግዛ፣ ከ95 እስከ 120 ዲግሪ ይበቃል።

ባለፈው ደግሞ ያ ሌላው፣ የአየር ፊልትሮውን በኦሞ አጥቦ ያለ ዘይት መልሶ የገጠመው! ስፖንጁ የፊልትሮ ዘይት ካልጠጣ የኛ አቧራ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ያኛውስ፣ ተቀባዩ (መኪናው ውስጥ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚሰማው) ላይ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ የከተተው? ድንጋዩ ሲደክም መኪናው ሙሉ ጋዝ ይዞ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ የሰው እግር ለመስበር። መጀመሪያ ሪሞቱ ይበራል፣ ከዚያ መኪናው፤ ሲጠፋ ግልባጩ። ሞተሩን ለማጥፋት ቱቦውን ቆንጠጥ ነው፣ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በባዶ እጅ መያዝ አይደለም።

በጣም የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ፦ ነዳጁን በሃይላንድ ጠርሙስ የሚያስቀምጡ አሉ። ሜታኖል ጥቂቱ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል! ቀን ላይ ሲነድም ነበልባሉ አይታይም። በራሱ ጣሳ፣ ክዳኑ ጥብቅ ብሎ፣ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ብቻ። ነድተህ ስትጨርስም ታንኩ ባዶ እስኪሆን አስኬደው፣ በካርቡራተሩና በፕላጓ ቀዳዳ የማሳረፊያ ዘይት ጠብ ጠብ አድርግ፤ አለበለዚያ ውስጡ ይዝጋል።

እዚህ ስጽፍ ስልክ ተደወለ። ላኪው ነው፣ ከቨርጂኒያ። ገመዱ መበጠሱን ሰምቷል፣ አይዟችሁ ለገና ትልቁን እልካለሁ ይላል፣ 3.5 ሲሲ። «ነዳጁስ?» አልኩት።

«እንዴ፣ ቤንዚን ጠፋ እንዴ እዚያ?»