እርማት፦ የሻርልማኝ ዝሆን ነጭ ነበር?

ከሐረር የጻፍከው ወንድሜ፣ የባግዳዱ ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ ለሻርልማኝ (የምዕራብ አውሮፓ ፍራንኮች ለሚባሉት ሕዝብ ንጉሥ) የላከው ዝሆን አቡል አባስ «ነጭ ነበር፤ በጦር ሜዳ ወደቀ» ያልከው ይታረም። የዘመኑ የፍራንኮች ዜና መዋዕል ስለ ቀለሙ ምንም አይልም፤ ነጭነቱ ኋላ የተጨመረ ነው። (እዚያው ሐረር አጠገብ ያሉትን የባቢሌ ዝሆኖች እያቸው፤ አፈር ሲነሰንሱ ውለው መልካቸው ያው የአፈሩ ነው።)

ጉዞው ግን በደንብ ተመዝግቧል። ይስሐቅ የተባለ አይሁዳዊ ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ አሻግሮ በጥቅምት 801 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ፖርቶ ቬኔሬ አደረሰው። የአልፕስን ተራሮች በረዶ ስለዘጋቸው ክረምቱን ቬርቼሊ ቆይተው የሻርልማኝ መቀመጫ ወደሆነችው አኸን (ዛሬ ጀርመን) የገቡት በሐምሌ 802 ነው። በ810 ሻርልማኝ ለዘመቻ የራይንን ወንዝ ተሻግሮ ሊፔሃም በተባለ ስፍራ ጦሩ እስኪሰባሰብ ሲጠብቅ ዝሆኑ በድንገት ሞተ። ውጊያ ገና አልተጀመረም።