ሜሪላንድን የሚጎዳው የተቀነሰው የፌደራል ሠራተኛ ብቻ አይደለም

በ2025 መጀመሪያ የፌደራል መንግሥት ሠራተኛ መቀነስ ሲጀምር ስለ ሜሪላንድ ደጋግሞ የተነሳው ቁጥር አንድ ነበር፦ ስቴቱ ውስጥ ያለው ወደ 160,000 የሚጠጋ የፌደራል ሲቪል ሥራ። ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ ኋይት ኦክ ያለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ውድላውን ያለው የጡረታ ክፍያ የሚያስተዳድረው ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ግሪንቤልት ያለው የናሳ ማዕከል ሁሉም በዚህ ይቆጠራሉ። የእነዚህን መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ የሚጠብቀው፣ የሚያጸዳው፣ ኮምፒውተሩን የሚጠግነው የኮንትራት ሠራተኛ ግን በቁጥሩ ውስጥ የለም። ደመወዙ የሚመጣው ከግል ድርጅት ነው። ዲሲን ከምታዋስነው የሜሪላንድ ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ማለዳ ተነስተው ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚወጡ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ስቴቱ የዘረጋው እርዳታ ደግሞ በዋናነት የተሰፋው ለፌደራል ሠራተኛው ልክ ነው።

ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 2025 የፌደራል መንግሥት በጀት ሳይጸድቅለት ቀርቶ በተዘጋበት ጊዜ ልዩነቱ ፈጦ ታየ። በ2019 የወጣ ሕግ ስላለ የፌደራል ሠራተኛ ሥራ ያልገባበትም ቀን ቢሆን በኋላ ይከፈለዋል። ሜሪላንድም ያለ ደመወዝ ሥራ ለሚገቡት ወለድ የሌለው የ700 ዶላር ብድር አቀረበች። ለኮንትራት ሠራተኛው የቀረበትን ደመወዝ የሚመልስለት ሕግ የለም፤ ድርጅቱ ካሰናበተው ያለው መጠጊያ የሥራ አጥ ክፍያ ብቻ ነው።

የሥራ አጥ ክፍያው ራሱ ከሁለት የተለያየ ኪስ ይወጣል። የተቀነሰው የፌደራል ሠራተኛ ከሆነ ስቴቱ የከፈለውን የፌደራል መንግሥት ይተካለታል። የኮንትራት ሠራተኛው ከሆነ ግን ገንዘቡ የሚወጣው አሠሪዎች ከሚያዋጡት የስቴቱ ፈንድ ነው፤ ፈንዱ ሲሳሳ የአሠሪዎች መዋጮ ይጨምራል፤ በቅነሳው እጁ የሌለበት የሰፈር ምግብ ቤት ሳይቀር ይከፍላል።

ማመልከቻው ላይ በተደጋጋሚ የሚያሳስት ነገር አለ። የፌደራል ሠራተኛ የሚያመለክተው በሚኖርበት ሳይሆን ሥራው በተመዘገበበት ቦታ ነው። የፌደራል ሠራተኛ የቅጥር ሁኔታ የሚጻፍበት ኤስኤፍ-50 የሚባለው ወረቀት 39ኛ ሣጥን ላይ ዋሽንግተን ዲሲ የሚል ከሆነ፣ ቤቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆንም ማመልከት ያለበት ዲሲ ነው። ሜሪላንድ አመልክቶ መልስ ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ። ወረቀቱ ገና ካልደረሰው የደመወዝ ደረሰኝና ደብሊው-2 (አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝና የግብር ማስረጃ) ይዞ በራሱ ቃል ማረጋገጫ መጀመር ይችላል። በሜሪላንድ ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት 430 ዶላር ነው፤ በዓመት 100,000 ዶላር ያገኝ ለነበረ ሰው ከቀድሞ ገቢው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ለዚያውም በየሳምንቱ ሦስት የሥራ ፍለጋ እንቅስቃሴ ማስመዝገብ አለበት፤ አንድ ሳምንት ከረሳ የዚያ ሳምንት ክፍያ ይቀርበታል።

የታክሱ ጉዳይ ደግሞ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ዲሲ የሚሠራ የሜሪላንድ ነዋሪ የገቢ ግብሩን የሚከፍለው ለሜሪላንድ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ብቻውን 3.2 በመቶ ይወስዳል፤ ግብር የሚከፈልበት 100,000 ዶላር ገቢ ሲጠፋ ካውንቲው 3,200 ዶላር ያጣል ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩበት ገንዘብ በከፊል ይኸው ነው። ስለዚህ ዲሲ ውስጥ የሚጠፋ ሥራ የሜሪላንድን ካዝና ይነካል፣ በሜሪላንድ የሥራ ቁጥር ላይ ግን አይታይም።

በ2025 የአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) «ያን ያህልም አልተጎዳንም» ሲሉ የነበሩ ሰዎችን ያሳሳታቸው ሌላም ነገር አለ። በፈቃዳቸው እንዲለቁ ተጠይቀው ከተስማሙት ብዙዎቹ ደመወዛቸው እስከ ሴፕቴምበር 30 አልተቋረጠም። ሥራ ባይገቡም እንደ ሠራተኛ ተቆጥረዋል፣ ግብራቸውም ተቀንሷል። ጉዳቱ በወረቀት ላይ መታየት የሚጀምረው ከኦክቶበር በኋላ ነበር። የመንግሥታትን ብድር የመክፈል አቅም የሚመዝነው ሙዲስ የተባለው ድርጅት ግን ያን አልጠበቀም፤ ሜሪላንድ ከ1973 ጀምሮ የያዘችውን ከፍተኛ የብድር ደረጃ በሜይ 2025 በአንድ እርከን ዝቅ ሲያደርግ ከምክንያቶቹ አንዱ በፌደራል መንግሥት ላይ ያላት ጥገኝነት ነበር። የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲም የዩኤስኤይድ (የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት) ገንዘብ ሲቋረጥበት ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ከእነዚህ 247ቱ አሜሪካ ውስጥ የነበሩ ሲሆን ቀሪዎቹ በሌሎች 44 አገሮች ነበሩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የምግብ መግዣ እርዳታ ነው። በጁላይ 2025 በወጣው ሕግ መሠረት ስቴቶች ከፕሮግራሙ የማስተዳደሪያ ወጪ የሚሸፍኑት ድርሻ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይወጣል። ከኦክቶበር 2027 ጀምሮ ደግሞ ለተጠቃሚው ከሚከፈለው ገንዘብም ያዋጣሉ። መጠኑ የሚወሰነው በስህተት ነው፤ ማለትም ከሚገባው በላይ ወይም በታች በተከፈለው ድምር። ስህተቱ ከ6 በመቶ በታች የሆነ ስቴት ምንም አይከፍልም፤ ከ10 በመቶ ጀምሮ ግን የስቴቱ ድርሻ 15 በመቶ ይደርሳል። ሜሪላንድ በ2024 የተመዘገበባት ከ10 በመቶ በላይ ነው።

ስህተቱ በአብዛኛው ማጭበርበር አይደለም። የገቢ ለውጥ ሳይመዘገብ ይቀራል፣ የቤት ኪራይ በስህተት ይሰላል፣ አንድ ሠራተኛ ከአቅሙ በላይ ፋይል ይይዛል። ሰዓቱ በየሳምንቱ የሚለዋወጥበት የኮንትራት ሠራተኛ ፋይል ለእንዲህ ያለ ስህተት ከሁሉ የተጋለጠ ነው፤ ሥራ ያጡት ሲያመለክቱ ደግሞ ፋይሉ ይበዛል። ሜሪላንድ ግን የበጀት ጉድለቷን ለመሸፈን ከጁላይ 2025 ጀምሮ የመንግሥት ቅጥር አቁማለች። ገዢው ዌስ ሙር ወጪ መቆጠብ እንዳለባቸው አልክድም፤ ሕገ መንግሥቱም በጀቱ እንዲመጣጠን ያስገድዳቸዋል። ሆኖም ፋይል የሚመረምር ሰው ደመወዝ ቆጥቦ የፕሮግራሙን 15 በመቶ መክፈል የሂሳብ ስህተት ነው። ቅጥሩ በዚህ ክፍል ዛሬውኑ ይከፈት፤ ከሚቀጠሩትም ውስጥ አማርኛ የሚችሉ ይኑሩበት፤ ምክንያቱም በአስተርጓሚ ስልክ የተሞላ የገቢ ቅጽ ላይ አንድ ቁጥር መሳት ቀላል ነው።